የሙያ ማህበር መዋጮ ከደሴ ሆኖ መክፈል ያዋጣል ወይ? እንከራከር

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፦
ሰሞኑን ዋርድ ላይ የተጨቃጨቅንበትን እዚም ላምጣው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን የጤና ባለሙያዎች ለየሙያ ማህበራችን መዋጮ መክፈል እንቀጥል ወይስ እንተው? እኔ እንቀጥል ነው ምለው፣ ግን ከፍሎ ዝም ማለቱ ይብቃን።

ፋርማሲስቱ ከኮምቦልቻ፦
እንተው። ስልጠናው አዲስ አበባ፣ ጉባኤው አዲስ አበባ፣ ምርጫው አዲስ አበባ። 400 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነህ፣ አልጋ አለ ምግብ አለ ተረኛ መለመን አለ፣ ለሁለት ቀን ስልጠና ብለህ ከደሞዝህ ምን ሊተርፍህ ነው? ለሙያ ፈቃድ እድሳት ሚጠየቀውን ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና) ጤና ሚኒስቴር ኦንላይን ከሚሰጠው ኮርስ እሞላለሁ፣ አለቀ።

ጂፒው (ጠቅላላ ሀኪሙ)፦
እኔ ዓመት ጠብቄ እከፍላለሁ፣ ደሞዝም የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያም ላይ ግን ማህበሩ ሲከራከርልኝ አላየሁም። ታዲያ ለምኑ?

ስራ ፈላጊ፦
ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ቅጥር እየጠበኩ ነው። እኔ ከየት አምጥቼ ልክፈል?

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፦
ዶክተር፣ የሙያ ማህበር የሰራተኛ ማህበር አይደለም እኮ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 የመንግስት ሰራተኛን አያካትትም፣ ስለዚ ማህበሩ እንደ ፋብሪካ ሰራተኛ ማህበር ቁጭ ብሎ ደሞዝ አይደራደርልህም። ሊያደርግ ሚችለው ስልጠና፣ የሙያ ደረጃ፣ ጆርናል፣ ፖሊሲ ሲረቀቅ ባለሙያው እንዲሰማ መወትወት ነው፣ እሱን ደሞ ጠንክረን እንጠይቀው።
ወንድሜ ፋርማሲስቱ፣ ርቀቱ ልክ ነህ ወላሂ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን አርባ ሰው የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ አዲስ አበባ ከሚሄድ አንድ አሰልጣኝ ደሴ ቢመጣ አይረክስም? አዳራሽ ሆስፒታልም ካምፓስም አለ። ኦንላይኑ ጥሩ ነው፣ ግን መተንፈስ ያቃተውን ህፃን እንዲተነፍስ ማድረግን በእጅህ ካልሞከርከው በስክሪን አይገባህም። ስማችንን ፈርመን፣ ምን ስልጠና እንደምንፈልግ ለይተን፣ ቀን ቆርጠን በደብዳቤ እንጠይቅ። እስካሁን ማን ጠየቀ?
ሌላው ማንም ማያነሳው፣ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ 1113/2011 የማህበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ማለትም እኛ አባላቱ። የዓመቱን ሪፖርትና የኦዲት ውጤት ከጉባኤው በፊት ላኩልን ማለት፣ ቅርንጫፍ ይከፈትልን ብሎ አጀንዳ ማስያዝ፣ ስራ ለሌለው ምሩቅ መዋጮው ይነሳለት ብሎ ማስወሰን እንችላለን። እህቴ ስራ ፈላጊዋ፣ ያንቺን ጥያቄ እኔ ራሴ አስይዘዋለሁ።
ደሞ እኛ ጋ ያለውን ልምድ ማን ይፃፈው? ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በስጋ ደዌና በቆዳ ህክምና ስንት ዓመት የሰሩ ሰዎች አሉ፣ ኮምቦልቻና ከዛ በታች ቆላው ወባ ነው። የኢትዮጵያ ህክምና ማህበር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ አለ፣ ጆርናሉም ከዓመት በኋላ ነው የጀመረው፣ እዛ ላይ የወሎ ስራ በብዛት እንዲወጣ እኛው መላክ አለብን። በ2014 ሆስፒታሎቻችን ተዘርፈው ባዶ ክፍል ስንገባ አንድ ነርስ ብቻዋን ብትጮህ ማን ይሰማታል? ማህበሩ ለዛ ነው ሚያስፈልገን።

ከሰኞ ገበያ፦
ቆይ እኔ ሳልፈርም ከፔይሮል እየተቆረጠብኝ ነው። ይሄስ?

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፦
እሱማ ልክ አይደለም። የመንግስት ሰራተኛ ደሞዝ ያለፅሁፍ ስምምነቱ፣ ወይ ያለ ህግና ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይቆረጥም። ለሰው ሀይልና ለፋይናንስ በፅሁፍ አመልክት፣ ኮፒው እጅህ ይቅር። ሳይጠየቅ የገባ አባል ለማህበሩም አይጠቅምም።

ጂፒው፦
የደሞዙ ገብቶኛል። ኦዲቱን ግን ማየት እፈልጋለሁ፣ እፈርማለሁ።

ፋርማሲስቱ ከኮምቦልቻ፦
ሲስተር ሀቁን ልንገርሽ፣ ደብዳቤው ላይ እፈርማለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጆችንም አስፈርማለሁ። ግን መልስ እስኪመጣ አንድ ብር አልከፍልም። ገንዘቡን ይዘን ስንጠይቅ ነው ሚሰሙን።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፦
እዚ ላይ አልስማማም። መዋጮህ ካልተከፈለ ጉባኤ ላይ ድምፅ ሊከለክሉህ ይችላሉ፣ ያኔ ጥያቄውን ራሱ ሚያነሳልን ሰው እናጣለን። ከፍለህ ጠይቅ።

ፋርማሲስቱ ከኮምቦልቻ፦
መተዳደሪያ ደንቡ እንደዛ ይላል? አንቀፁን ላኪልኝና እንነጋገር።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፦
የየማህበሩ ደንብ ይለያያል። ያንተን ማህበር ደንብ አንተ አምጣ የኛን እኔ፣ ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን ደብዳቤውን እናርቅቅ።