አንኮበር ላይ ከእናቴ ጋር ለማደር የት ይሻላል?

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ አንኮበር ልሄድ ነው። ዓርብ ደርሰን እናድራለን። ጉልበቷን ያማታል፣ ብርድ አትችልም፣ ትጾማለችም። የት እንረፍ? ምን እንብላ?

መልስ፦ እናትዎን ይዘው መምጣትዎ በጣም ደስ ይላል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ያለው ሎጅ እይታው ወደር የለውም፤ ጉሙ ሲገለጥ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ከእግር በታች ይዘረጋል። ነገር ግን ዳገቱ የሚወጣው በእግር ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት እኔ ፈጽሞ አልመክርም! ደብረ ብርሃን ይደሩ፤ ከዚያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በማለዳ ይደርሳሉ። ክፍል ሲይዙ ከቴሌቪዥኑ በፊት ስለ ሙቅ ውኃና ስለ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቁ። ከተማችን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የመንዝ ባና ካገኙማ ለእናትዎ ይግዙላቸው፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያሞቃል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ዓርብ ማታ ትኩስ ሽሮ በስልጆ ይዘዙ። የገብስ ጠላ ከቆሎ ጋር ለጾመኛም ይሆናል። ጭኮ ግን ቅቤ ስላለው ለቅዳሜ ያቆዩት፤ የሰሜን ሸዋን ገብስ ሳይቀምሱ መመለስ ያሳዝናል።

ሌላ መልስ፦ በክረምት ከሆነ ጉሙ መንገዱን ስለሚሸፍን ሳይመሽ ይግቡ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን እናድራለን። ባናው የሚሸጠው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ጠዋት ይምጡ። ጠጉሩን በእጅዎ ይዳስሱት፤ ከናይለን የተቀላቀለውን አይውሰዱ።