ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ሜዲካል ስኩል አፕላይ ላደርግ ነው፤ በነፃ መሥራት የግድ ነው እንዴ?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ቤተሰብ እንደምን ናችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ከቤተሰብ ጋር በዲቪ ነው የመጣነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጨርሼ ትራንስፈር አድርጌ አሁን ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በሚቀጥለው ሰመር ሜዲካል ስኩል አፕላይ ላድርግ ብዬ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ ነኝ፣ ዊኬንድ ዊኬንድ ናይት እገባለሁ፣ ኪራዩንም የማግዘው ሀገር ቤትም የምንልከው ከዛው ነው። ሰሞኑን አድቫይዘሬ ያለኝን ሁሉ አይታ ቮለንቲር የለሽም ሻዶዊንግም (ሐኪም ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ማየት) የለሽም አለችኝ። ክላሴ ያሉት ልጆች አባት ዶክተር አክስት ዶክተር ነው፣ አንድ ስልክ ተደውሎ ያልቃል፣ እኔ ከማን ጀርባ ልቁም? ለእማዬ ሆስፒታል በነፃ ልሠራ ነው ብላት "ምን ቸግሮሽ ነው በነፃ የምትለፊው፣ በዛ ሰዓት ኦቨርታይም አትገቢም?" አለች፣ እኔም የምመልሰው አጣሁ። እና እየተከፈለኝ የምሠራው ይቆጠራል ወይስ ቮለንቲር የግድ ነው? ሻዶዊንግስ ዘመድ የሌለው ሰው እንዴት ነው የሚያገኘው? ለክሊኒኮች ኢሜል ብልክ ብልክ መልስ የሚሰጠኝ የለም። የምታውቁ በናታችሁ።

ነጭ ጋውን፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አሁን ሜዲካል ስኩል ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ያለፍኩት በዛው መንገድ ነው። ይቆጠራል ወይ ነው ያልሽው? አምካስ የሚባለው የሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ፎርሙ ላይ እኮ የሚከፈልበት ክሊኒካል ሥራ ራሱን የቻለ ምድብ አለው፣ ቮለንቲሩ ሌላ ነው ሻዶዊንጉም ሌላ ነው። ሆስፒታል ቮለንቲር የሚሆነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ልብስ ያድላል፣ ዊልቸር ይገፋል፣ ሰው ክፍል ቁጥር ሲጠይቀው ያሳያል። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ቁስል እንዳይዛቸው በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጪ፣ ዳይፐር የምትቀይሪ፣ ዲሜንሺያ ያለባቸው አዛውንት ልጃቸው መስለሻቸው ሲቆጡሽ ቀስ ብለሽ የምታስተኚ ሰው ነሽ፣ በምን ሂሳብ ነው ከሱ የምታንሺው። ፎርሙ ላይ የሠራሽውን የምትዘረዝሪበት 15 ቦታ አለ፣ ለእያንዳንዱ ከነክፍተቱ 700 ካራክተር ነው፣ ከመሀላቸው እስከ 3 መርጠሽ ደግሞ ተጨማሪ 1325 ትጽፊያለሽ። ሲኤንኤሽን ከነዛ አንዱ አድርጊው። 15ቱንም ካልሞላሁ ብለሽ ደግሞ ሃይስኩል የገባሽበትን ክለብ ሁሉ አትደርድሪ።

ሻዶዊንግ ላይ ግን አድቫይዘርሽ ልክ ናት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሐኪም መቼ አይተሽ ታውቂያለሽ? በፌደራል ሕግ ታካሚው ከገባ መጀመሪያ 90 ቀን በየ30 ቀኑ ከዛ በኋላ በየ60 ቀኑ አንዴ መታየት አለበት፣ እሱም በቀን ነው አንቺ ተኝተሽ። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ "ይሄን ያህል ከነርሶች ጋር ሠርተሽ ለምን ነርስ አልሆንሽም?" ይሉሻል፣ እኔንም ብለውኛል። ለዛ የሚመልስልሽ ሐኪሙ ሲያስብና ሲወስን አጠገቡ መቆም ነው። ዘመድ የለኝም ላልሽው፣ እያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም ሜዲካል ዳይሬክተር የሚባል ሐኪም ሊኖረው ግድ ነው፣ ያንቺም አለው። የነርሶቹን ኃላፊ ማን እንደሆነና መቼ ራውንድ (ታካሚዎቹን ሊያይ) እንደሚመጣ ጠይቂያት፣ አንድ ቀን በጠዋት ሳትሄጂ ጠብቂውና እዚህ ናይት የምሠራ ነኝ ፕሪሜድ (ለሜዲካል ስኩል የምዘጋጅ) ነኝ ብለሽ በአካል ንገሪው። ለማያውቅሽ ክሊኒክ ከምትልኪው ኢሜል ሁሉ ይሻላል፣ ታካሚዎቹን አንቺ ከሱ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። የራስሽን ፋሚሊ ዶክተርም ጠይቂ።

ቮለንቲሩን በተመለከተ እማማ ያሉት አይናቅም ግን ትንሽም ቢሆን ያስፈልግሻል። ክሊኒካል መሆን የለበትም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ፊደል የምታስተምሪ ከሆነ እሱም ቮለንቲር ነው። እኛ ሀበሾች እንደዚህ ያለውን አገልግሎት ነው የምንለው እንጂ ሬዙሜ ላይ መጻፍ ትዝ አይለንም።

ኪቦርድ፦
አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ኢአር (ድንገተኛ ክፍል) ውስጥ ስክራይብ፣ የሐኪም ጸሐፊ ነኝ። ሻዶዊንግ ለሚቸገር ሰው ይሄ ሥራውንም ሻዶዊንጉንም በአንድ ድንጋይ ነው፣ ሙሉ ሺፍት ከሐኪሙ ኋላ ኋላ እየሄድክ የሚለውን ሁሉ ትጽፋለህ፣ ምን ጠረጠረ ለምን ሲቲ አዘዘ ለምን ወደ ቤት ላከው የሚለውን ታያለህ፣ ቆይተህ ሪኮመንዴሽን ሌተር ብትጠይቀው በደንብ ያውቅሃል። ችግሩ እኔ ያለሁበት ብሩ ከሲኤንኤ ያንሳል፣ ኪራይ ካለብሽ ሁለት ጊዜ አስቢበት። ደግሞ አሁን አሁን ሐኪሙ የሚያወራውን ሰምቶ ኖቱን ራሱ የሚጽፍ ኤአይ ያስገቡ ቦታዎች በዝተዋል፣ ነገ ሥራው ይኑር አይኑር እንጃ።

ያገር ሰው፦
ልጄ የምነግርሽ እንደ አባት ነው። ነርሲንግ ግቢ፣ በሁለት ዓመት አርኤን ሆነሽ ደሞዝሽን ትበያለሽ፣ ቤት ትገዣለሽ። ሐኪም እሆናለሁ ብላችሁ 30 ዓመት እስኪሞላችሁ ዕዳ ውስጥ ናችሁ።

ነጭ ጋውን፦
አባቴ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የጠየቀችው እሱን አይደለም።

አስተርጓሚዋ፦
እኔ ሌላ በር ልጠቁምሽ፣ አማርኛሽ። እዚህ አካባቢ የአማርኛ አስተርጓሚ የማይፈልግ ሆስፒታል የለም። በናሽናል ደረጃ ሰርቲፋይድ ለመሆን መጀመሪያ ቢያንስ 40 ሰዓት የሜዲካል ኢንተርፕሪቲንግ ሥልጠና ይጠየቃል፣ ለአማርኛ የብቻ የቃል ፈተና ስለሌለ የእኛ ሰዎች የሚወስዱት ኮርቺ የሚባለውን ፈተና ነው። ሰዓቱ እንደ ትምህርትሽ ይሆናል፣ በስልክ ብቻም የሚሠሩ አሉ፣ ለኤክስፒሪየንስ ግን በአካል ክፍሉ ውስጥ መገኘቱን ምረጪ። ሁዳዴ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ፣ አንድ እናት ስኳር አለባቸው፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው ወይ ሲላቸው አዎ ልጄ ይላሉ፣ ስኳራቸው ግን አልወርድ ብሏል፣ ሰውየው ዶዙን ሊጨምር ነው። ከዛ ምን እንዳሰበ እንጃ የመጀመሪያውን ምግብ ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት ብሎ ጠየቀ። ዘጠኝ ሰዓት አሉ። የጠዋቱን ክኒን ይውጡታል ግን ከቁርስ ጋር የሚባለው ቁርስ የለም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጾም እንዳይሻር ብለው ጭራሽ ይዘሉታል። እኔ የተባለውን ብቻ ነው የማስተላልፈው፣ ከራሴ መጨመር አይፈቀድልኝም፣ ግን ያ ጥያቄ ስንት ነገር እንደለወጠ ቁጭ ብዬ አየሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሲኤንኤ ሆነሽ አማርኛ ስለቻልሽ ብቻ ነይ አስተርጉሚ ሲሉሽ እሺ አትበይ፣ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ የተቋሙ ግዴታ ነው፣ የሆነ ነገር ብትሳሳቺ አንቺም ችግር ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ።

ጥገኛ፦
ይቅርታ ጥያቄ ውስጥ ጥያቄ ላስገባ፣ የጥገኝነት ኬዜ ገና አልተወሰነም፣ ወርክ ፐርሚት አለኝ፣ ሀገር ቤት ዲግሪ ጨርሻለሁ። ይሄ ሁሉ ቮለንቲር ለኔም ይሠራል?

ነጭ ጋውን፦
ቮለንቲሩስ ይሠራል ወንድሜ፣ ግን በቅድሚያ ሁለት ነገር አጣራ። አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች ሲትዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ነው የሚቀበሉት፣ ሌላውን የሚያዩ አሉ ግን ጥቂት ናቸው፣ ኤምሳር የሚባለው ዳታቤዝ ላይ የየትምህርት ቤቱን ታያለህ። ሁለተኛ የሀገር ቤት ግሬድህን አብዛኞቹ አይቆጥሩልህም፣ ሳይንሱን እዚህ መድገም ሊኖርብህ ነው። እሱን ሳታውቅ ሰዓት ስትሰበስብ እንዳትከርም።

የማታ ሺፍት፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ የሜዲካል ዳይሬክተሩ ነገር በሕልሜም አልመጣልኝም። ሰዓት እንዴት ነው የምመዘግበው ግን? ደግሞ ለሆስፒታል ቮለንቲር ፎርም ሞልቼ ቲቢ ቴስት አምጪ አሉኝ፣ የሥራዬን ብሰጣቸው ዓመት አልፎታል አሉ።

ነጭ ጋውን፦
ከዛሬ ጀምሮ ስልክሽ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያየሽውን ሁለት መስመር ጻፊ፣ የታካሚ ስም ግን በፍጹም። ለእያንዳንዱ ሥራ ሊደወልለት የሚችል ሰው ስም ስለሚጠይቁ የምትሞይው ሰዓት ከሱ ጋር መግጠም አለበት። ገና ያልሠራሽውን፣ ወደፊት የምትሠሪውን ሰዓት ለብቻው ታስገቢያለሽ። ገንዘብ ከከበደሽ ፊ አሲስታንስ የሚባለውን የክፍያ ድጋፍ ለኤምካት (ለመግቢያ ፈተናው) ከመመዝገብሽ በፊት ሙዪ፣ ከፈቀዱልሽ የአምካሱን ክፍያ እስከ 20 ትምህርት ቤት ይሸፍንልሻል።

አስተርጓሚዋ፦
ቲቢውን በክንድ ላይ በሚወጉት አታሠሪው፣ ሀገር ቤት ቢሲጂ፣ የቲቢውን ክትባት፣ የተከተብን ሰዎች ሳይኖርብን ፖዘቲቭ ሊያወጣን ይችላል፣ ከዛ ኤክስሬይ ምናምን እያሉ ያመላልሱሻል። በደም የሚደረገውን፣ ኳንቲፌሮን የሚሉትን ጠይቂ። ሆስፒታሉ ራሱ ለቮለንቲሮች በነፃ ያሠራ እንደሆነም ቀድመሽ ደውዪ።