የአባቴ የወገብ ዲስክ «ደረጃ 4» ተባለ፤ ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ቤተሰብ። አባቴ 58 ዓመቱ ነው፤ አንኮበር አካባቢ ገበሬ ነው። ወገቡን ካመመው ቆይቷል። አሁን ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሩ ይወርዳል። እዚህ ራጅ ተነሳና «አጥንቱ ደህና ነው» ተባለ። አዲስ አበባ ወስጄው ኤምአርአይ ሲነሳ ግን፣ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ደርቋል፣ ወደ ኋላም ወጣ ብሏል፣ «ፊርማን ደረጃ 4» ይላል ወረቀቱ። ራጁ ተሳስቶ ነው? ኦፕራሲዮንስ የግድ ነው?

የደብረ ሲናው፦ ከ5 ደረጃ 4 ከሆነማ ምን ይጠበቃል? ቶሎ ይደረጉ እንጂ።

ራጅ ክፍል የምሠራው፦ ኧረ ቀስ! ራጁ አልተሳሳተም። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ዲስኩ ራሱ አይታይበትም። ቢበዛ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ ይታያል። ኤምአርአይ በማግኔት ነው የሚሠራው፣ ጨረር የለውም፤ ውሃ ያለበትን ቦታ ይለያል። ቲ2 በሚባለው ምስል ላይ ውሃ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የወጣት ዲስክ መሃሉ ውሃ ስለሆነ ነጭ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ዲስኩም ይጠቁራል። ፊርማንና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ደረጃ ይህንን ነው የሚመዝነው። 1 ወጥ ነጭ ነው፣ 3 ግራጫ። 4 ወደ ጥቁር ያደላ፣ መሃሉ ከዳሩ የማይለይ። 5 ላይ ክፍተቱም ይደፈጠጣል። ሕመምን ግን አይመዝንም። ወረቀቱን አይቶ የሚደነግጠው ሰው ብዛቱ!

የሕክምና ተማሪ፦ ልጨምር። ምንም ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ያሰባሰበ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ዲስካቸው ያረጀው በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ50 ዓመት 80 በመቶ፣ በ60 ዓመት ደግሞ 88 በመቶ ነበሩ። በአባትሽ ዕድሜ የጠቆረ ዲስክ እንደ ሽበት ነው። ዋናው ነገር ነርቭ ተነክቷል ወይ ነው። እህቴ፣ ሕመሙ እስከ የት ይወርዳል?

ጠያቂ፦ በጭኑ ውጪ በኩል እስከ እግሩ አውራ ጣት።

የሕክምና ተማሪ፦ ከምስሉ ጋር ይገጥማል። እዚያ ቦታ የወጣ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው 5ኛውን የወገብ ነርቭ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ አውራ ጣት ይሄዳል። ተረከዝና ትንሿ ጣት ላይ ቢሆን ኖሮ ከሥር ያለውን ዲስክ ነበር የምንጠረጥረው። ሐኪሙ ጋ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ምስሉን ራሱ ይየው።

እናት ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ፣ ወጌሻ ጋ ወስደሽ እንዳታሳሺው አደራ። ባለቤቴ እንዲሁ ሆኖ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ነው የተሻለው።

ራጅ ክፍል የምሠራው፦ ብዙው እንደዚያ ነው። የወጣ ዲስክ በወራት ውስጥ በራሱ የሚሟሽሽበት ጊዜም አለ። ግን ሽንት እምቢ ካላቸው፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግራቸውን ማንሳት ካቃታቸው ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አጨዳው ደርሷል፣ «አልተኛም» ብሎ አስቸግሮኛል።

ራጅ ክፍል የምሠራው፦ እውነታቸውን ነው፣ አልጋ ላይ መዋሉ አይጠቅማቸውም። ይራመዱ። ጎንበስ ብሎ ማጨዱንና ጆንያ መሸከሙን ግን ለጎረምሶቹ ይተዉላቸው።