ሻንጣዬ ተሰብሮ ደረሰ፤ ካሳውን ማንን ልጠይቅ?

ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል፤ እስቲ ምከሩኝ። ከዋሽንግተን በፍራንክፈርት አድርጌ ቦሌ ስደርስ ትልቁ ሻንጣዬ ጎማው ተገንጥሎ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ ወጣ። ለእናቴ የያዝኩት የደም ግፊት መለኪያም ተሰብሯል። ከኤርፖርቱ ሳልወጣ አመለከትኩ። የጉዳት ሪፖርት ሞልተው ቁጥር ሰጡኝ። የሻንጣው ታግ፣ ቦርዲንግ ፓሱ፣ ፎቶው ሁሉ እጄ ላይ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትኬቱ አንድ ቢሆንም ያበረሩኝ ሁለት አየር መንገዶች ናቸው። ቦሌ ያደረሰኝ «የመጀመሪያውን ጠይቂ» ይላል። የመጀመሪያው ደግሞ ወደ መጨረሻው ይመልሰኛል። ይባስ ብሎ «ጎማ በአገልግሎት ብዛት ያልቃል» ተባልኩ። ሻንጣው አዲስ ነው እኮ!

በዓለም አቀፍ በረራ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነውን የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1999) አንብቤያለሁ። ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል ይላል፤ አድርጌዋለሁ። አንቀጽ 36 የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም አጓጓዥ መጠየቅ እንደሚቻል ይናገራል። ይህንን ጠቅሼ ስጽፍላቸው ግን ዝም አሉ።

እንዲህ ገጥሞት ካሳ የተቀበለ አለ? የመለኪያው ደረሰኝ የለኝም፤ የባንክ ስቴትመንት ይበቃ ይሆን? ለአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቤት ማለትስ ያዋጣል ወይስ ልፋት ብቻ ነው?