የጭልጋው እንጉዳይ አውሮፓ ጫካ ውስጥ የለም

የማራኪዋ (ከጀርመን)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንኳን ለፍልሰታ አደረሳችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከምንኖርበት ሰፈር ጀርባ ጫካ አለ። ሰሞኑን ዝናብ ስለበዛ እንጉዳዩ ፈልቷል። ጎረቤቶቻችን ቅርጫት ይዘው ይገባሉ፣ ሞልተው ይወጣሉ። ባለቤቴ የጭልጋ ልጅ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስለቅመው ያደግኩት ነው፣ አይቼ አውቀዋለሁ» ይለኛል። ትናንት ነጣ ያለ፣ ዓይን የሚስብ እንጉዳይ አምጥቶ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጧል። ለጾሙ ወጥ ልሥራው ወይስ ልጣለው? ብትስቁብኝም ግድ የለም፣ ብቻ መልሱልኝ።

የአዘዞው

እንኳን አብሮ አደረሰን። እታለም፣ ወጡን ተይው። ከሌላ ምግብ ጋርም አታስቀምጪው። ግን ሁሉንም አትጣይው። አንድ ሁለቱን በወረቀት ጠቅልለሽ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ለይተሽ አቆዪ። ለሚያውቅ ሰው ታሳዪዋለሽ።

ባልሽ ዋሸ አልልም። የጭልጋ ልጅ እንጉዳይ ያውቃል። ችግሩ የሚያውቀው የጭልጋውን መሆኑ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከኩይሳው አጠገብ የሚወጣውን አስታውሱት። ሲነቅሉት ሥሩ አያልቅም፣ እየቀጠነ ወደ ታች ይወርዳል። ሳይበጥስ ያወጣ ልጅ ጀግና ነው። ያ ሥር የሚወርደው ምስጦቹ ቤት ድረስ ነው። ምስጦቹ እንጨትና ቅጠል እያመጡ ከመሬት በታች የሚያለሙት እርሻቸው ነው። ዝናቡ ሲጠግብ ወደ ላይ ወጥቶ ጥላውን ይዘረጋል። እንዲህ ያሉ ምስጦች የሚኖሩት በአፍሪካና በእስያ ነው። ጀርመን የሉም፣ ስዊድን የሉም፣ አሜሪካም የሉም። ስለዚህ ባልሽ ጫካው ውስጥ ያገኘው ምንም ይሁን ምን፣ የልጅነቱ እንጉዳይ ሊሆን አይችልም። መልኩ ቢመሳሰል እንኳ ሌላ ነው። ይህን ብቻ ብትነግሪው ይበቃል፣ ክርክር አያስፈልገውም።

«ነጣ ያለ» ስትዪ ደግሞ የበለጠ ደነገጥኩ። አውሮፓ ውስጥ ሰው የሚገድለው ዋናው እንጉዳይ አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል። ጀርመኖቹ ክኖለንብሌተርፒልትስ፣ እንግሊዞቹ ዴዝ ካፕ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከኦክ ዛፍ ስር አይጠፋም። ጥላው አረንጓዴ ያጠላበት ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ ግን ፈዝዞ ነጭ ይሆናል። ከጥላው በታች ያለው ሽንሽን ነጭ ነው። እግሩ ላይ እንደ ቀሚስ ጠርዝ የተንጠለጠለ ስስ ቀለበት አለው፣ እሱም በዝናብ ሊረግፍ ይችላል። ዋናው ምልክት ከታች ነው። የእግሩ መጨረሻ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል፣ ከረጢቱ ደግሞ አፈር ውስጥ ተደብቋል። ከላይ በቢላ ቆርጦ የሚያመጣ ሰው ምልክቱን እዚያው ጫካ ጥሎት ይመጣል ማለት ነው። ለማስመርመር የሚወሰድ እንጉዳይ ከነሥሩ ተቆፍሮ ነው መውጣት ያለበት። ገና ሲወጣ ደግሞ እንቁላል ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ የትንሽ እንጉዳይ ቅርጽ ይታያል።

የከፋው ጣዕሙ ነው። በልተው የተረፉ ሰዎች ይጣፍጣል ይላሉ። ማታ የበላ ሰው ምንም ሳይሰማው ተኝቶ ሊያድር ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትውከትና ኃይለኛ ተቅማጥ ይጀምረዋል። ከዚያ ይተወዋል። ሰውየው «ተሻለኝ» ይላል፣ ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ አጥሚት ያቀርባል። በዚያው ሰዓት መርዙ ጉበቱን እየጨረሰው ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ አንዳንዱን ሰው ከጉበት ንቅለ ተከላ በቀር የሚያድነው አይኖርም።

ይህ በእንግዳ ሰው ላይ ሲደርስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን የገቡ ብዙ ስደተኞች በዚሁ ተመርዘው፣ የሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በዓረብኛና በኩርድኛ ጭምር ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በ2021 ደግሞ ከአፍጋኒስታን ወደ ፖላንድ የተወሰደ ቤተሰብ ከጫካ የለቀመውን በላ፤ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ሞቱ። በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እኔ አላጋጠመኝም። ነገሩን ያረዘምኩት ለዚህ ነው።

ለእኛ ደግሞ ወቅቱ ራሱ ፈተና ነው። ፍልሰታ በነሐሴ ነው። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። አውሮፓ ላይ ይህ እንጉዳይ የሚወጣው በእነዚሁ ወራት ነው። ሥጋው ሲቀር ደግሞ እንጉዳይ ያምራል። ለዘንድሮ ወጥሽ ከሱፐርማርኬት ኦይስተር የሚሉትን ግዢ፣ እዚህ እኛም በጭድ ላይ የሚለማውን ነው የምንበላው። ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልተሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪው፣ ቶሎ ይበስላል።

የቀሃ ልጅ (ከስዊድን)

ጋሼ፣ አያቴ ግን የብር ማንኪያ አብራ ትቀቅል ነበር። ካልጠቆረ ይበላል ትላለች። ትል የበላውም ደህና ነው ትላለች።

የአዘዞው

አያትህን እግዜር ያቆይልን፣ ማንኪያው ግን አይሠራም። ነጭ ሽንኩርት ቀለሙን ካልቀየረ የሚባለውም አይሠራም። ይህን ገዳይ ትልም ቀንድ አውጣም በልተው ምንም አይሆኑም። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ በበርበሬ ማቁላላት፣ አንዱም መርዙን አያጠፋውም። በስልክ አፕ ፎቶ አንስቶ መወሰንም ያው ነው። አፑ አፈር ውስጥ የቀረውን ከረጢት አያይም።

አትልቀሙ ግን አልልም። እኔም ስዊድን ስኖር እወጣ ነበር። አገሩ ይፈቅዳል፣ ማንም ሰው ጫካ ገብቶ ይለቅማል። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ባልቴት ዕድሜ ልካቸውን የለቀሙ ናቸው፤ ያም ሆኖ ከጥቂት ዓይነት በላይ አይነኩም ነበር። ሌላውን «ቆንጆ ነው» ብለው አልፈውት ይሄዳሉ። አለቃቀም ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ካንታረል የሚባለውን ቢጫውን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከጥላው በታች ያሉት መስመሮች እንደ ሌላው እንጉዳይ ሽንሽን በቀላሉ አይላቀቁም፣ ከሥጋው ጋር አንድ ሆነው ወደ እግሩ ይወርዳሉ። በጣት ፈግፍገው ነበር የሚያሳዩኝ። እዚያው ጫካ ውስጥ ኮርቲናሪየስ የሚባል ቡናማ ብርቱካንማ እንጉዳይ ይበቅላል፤ እሱን ቀላቅሎ የበላ ሰው ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። የሱ ምልክት ደግሞ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከ2 ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። ያኔ ምን እንደበላ የሚያስታውስ ማን ነው?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት በዓይን ብቻ ልቀሙ። ጀርመን ውስጥ ፈተና ያለፉ የእንጉዳይ መርማሪዎች አሉ፣ «ፒልትስበራቱንግ» ብላችሁ ጠይቁ። ኖርዌይም መከር ላይ «ሶፕኮንትሮል» የሚባል አለ፣ ቅርጫታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ አንድ በአንድ አይተው ይለዩላችኋል። ከጥበቃ ክልል አትልቀሙ፣ ደንቡም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአራዳው (ከቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ እኛ ጋ ጫካ መሄድም አያስፈልግም። ዝናብ በጣለ ማግስት ደጃችን ሣሩ ላይ ትልልቅ ነጭ እንጉዳይ ይወጣል። እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ «ይሄ የጅብ ጥላ አይደለም፣ የሚበላው ነው» ብላ ልትቀቅለው ነበር። በስንት ልመና አስተውኳት።

የአዘዞው

እሰይ፣ ደግ አደረግህ። በሣር ላይ የሚወጣው ያ ትልቅ ነጭ እንጉዳይ ብዙ ጊዜ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያሳምመው እሱ ነው። መግደሉ እምብዛም ነው፣ ግን ከተበላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንጀት እስኪገለበጥ ያስመልሳል። እማማ ካላመኑህ አንድ ነገር አሳያቸው። በደንብ የተዘረጋውን ጥላ እግሩን ቆርጠህ ነጭ ወረቀት ላይ ድፋው፣ ብርጭቆ ድፋበትና አሳድረው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የወረደው ብናኝ አረንጓዴ ከሆነ እሱ ነው። የኩይሳው ቢሆን ወደ ሮዝ ያደላል። ብናኙ ነጭ ቢሆን ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የዚያ የገዳዩም ብናኝ ነጭ ነው። እንጉዳዩን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ልጆቹ ከሣሩ ላይ አንስተው አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ ጠዋት ጠዋት ነቅለህ ጣለው።

የማራኪዋ (ከጀርመን)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤቴ አንብቦ ዝም ብሏል፣ ዝም ካለ ገብቶታል። ግን የበላ ሰው ቢኖርስ? ወተት ይጠጣበታል?

የአዘዞው

ወተት ምንም አይፈይድም፤ በግድ ማስመለስም አትሞክሩ። እስኪያማችሁም አትጠብቁ፣ ሳያማችሁ ደውሉ። ጀርመንና ስዊድን ለድንገተኛ 112 ነው። ጀርመን የበርሊኑ የመርዝ መረጃ 030 19240፣ አሜሪካ 1-800-222-1222፣ አውስትራሊያ 13 11 26። ስንት ሰዓት ላይ እንደተበላና ሕመሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ጻፉ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። የተረፈውን ወጥ፣ የተላጠውን ልጣጭ፣ ከቆሻሻ መጣያም ቢሆን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አብሮ የበላ ሁሉ፣ ያላመመውም፣ አብሮ ይሂድ። «ተሻለኝ» ብሎ ከሆስፒታል መውጣት የለም። ቋንቋው ካስቸገረ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲጠሩላችሁ ጠይቁ።

የማራኪዋ (ከጀርመን)

ከተማችን ውስጥ መርማሪ አግኝቻለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በፌስታል ልውሰደው?

የአዘዞው

በፌስታል አይሆንም፣ ይታፈንና ይበሰብሳል። ቅርጫት ወይም የወረቀት ከረጢት ያዢ። እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻው አድርጊ፣ አንዱ መርዛም ከሆነ ፍርፋሪው ሌላው ውስጥ እንዳይገባ። ከየትኛው ዛፍ ስር እንደተነቀለ ባልሽ ያስታውስ፣ ይጠየቃል።