«የጥጥ ጂን» ወይስ መዳመጫ?

ተርጓሚዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ አሜሪካ ጥጥና ባርነት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው፤ ከኔ በፊት የጀመረው ሰው «ኢላይ ዊትኒ በ1793 የጥጥ ጂን ፈለሰፈ» ብሎ አስረክቦኛል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጂን ሲባል ለኔ የሚመጣልኝ ወይ መጠጡ ነው ወይ ሰው ላይ የሚሰፍረው። ምን ልበለው?

ልቃቂት፦ ጂኑን አስወጪልን በናትሽ! እንግሊዝኛው «ኢንጂን» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የኛው ቃል መዳመጫ ነው። አያቴ ስትዳምጥ አይቻለሁ። ጥጡን ከነፍሬው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታደርግና ቀጭን ብረት በሁለት መዳፏ ታንከባልልበታለች፣ ፍሬው ከፊት ከፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ከብረቱ ሥር ይቀራል። መኪና ሰው ላይ ሲወጣ «ዳመጠው» የምንለውም ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። «አዳመጠ» ግን ዘመዱ አይደለም፣ እሱ የድምፅ ወገን ነው።

የሸማኔ ልጅ፦ ቃሉ ልክ ነው፣ ግን የዊትኒው እኮ አይዳምጥም፤ ይነጫል። የሽቦ ጥርስ የተተከለበት ግንድ ሲሽከረከር ጥጡን በጠባብ ፍርግርግ ይጎትተዋል፣ ፍሬው አያልፍም፣ ብሩሽ ደግሞ ከወዲያ በኩል ጥጡን ከጥርሱ ላይ ይጠርጋል። እንደ አያትሽ ብረት የሚያንከባልለው ዓይነት ከሱ በፊትም ነበረ፤ ጥቁርና ልሙጥ ፍሬ ላለው ለባሕር ዳርቻው ጥጥ ይበቃ ነበር። ያስቸገረው ከባሕሩ ራቅ ብሎ የሚበቅለው፣ አረንጓዴ ፍሬው እንደ ሙጫ የሚይዘው ነው።

ተርጓሚዋ፦ እሺ፣ «የጥጥ መዳመጫ ማሽን» አልኩት። ቀጥሎ «ይህም የባሪያዎቹን ሥራ አቀለለ» ይላል። ይሄስ?

ልቃቂት፦ የትኛውን ሥራ? በእጁ ፍሬ የሚለይ ሰው በቀን አንድ ፓውንድ ያህል ያጠራ ነበር፣ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። በማሽኑ 50 ፓውንድ ሆነ። ይሄ ቀለለ። ለቀማው ግን ያው በጣት ነው፤ የፈነዳው ቅርፊት ጫፉ ሲደርቅ እሾህ ይሆናል፣ ጣት ይደማል፣ ማታ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከተመደበው ከጎደለ አለንጋ አለ። የሚዳመጠው በፈጠነ ቁጥር የሚለቅም ሰው ተፈለገ። በ1790 በባርነት የተያዙት 700,000 ያህል ነበሩ፣ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጉ። «አቀለለ» የሚለውን ሰርዢው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ አንቺም «በባርነት የተያዙ» አልሽ፣ እሷ «ባሪያዎቹ»። ልዩነቱ ይታያችሁ። በኛ አገር ባሪያ ስድብም ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 በፈረንጅ፣ ትናንት ማለት ነው፤ ቃሉ ግን ሰፈር ውስጥ አሁንም ይወረወራል። እኔ ብሆን ሕግ ወይም ሰነድ ሲጠቀስ ብቻ «ባሪያ» እላለሁ፣ ሰውዬው ራሱ ሲነሳ «በባርነት የተያዘ»።

ተርጓሚዋ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። እርስዎ እያሉ ልጠይቅ፤ የኒው ኦርሊንሱን ነጋዴ «ባሪያ ፈንጋይ» ብዬዋለሁ፣ ያስኬዳል?

ጡረተኛው መምህር፦ አያስኬድም። መፈንገል አፍኖ መውሰድ ነው። ከ1808 ወዲህ ከውጭ ማስገባት በሕግ ተከልክሏል፤ ያ ሰውዬ የሚሸጠው እዚያው አሜሪካ የተወለዱትን ነው። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ አካባቢ ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና የተወሰዱት አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው። እናትን ከልጅ ለይቶ፣ ውል ጽፎ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጥ ነው። «ነጋዴ» በይው፤ ንግድ መሆኑ ነው የሚያስደነግጠው። እንግሊዝኛው «ወደ ወንዙ ታች ሸጡት» የሚለው ፈሊጥ የመጣው ከዚሁ ነው፣ ወንዙ ሚሲሲፒ ነው፣ ዛሬ ከዳኝ ለማለት ይሉታል። እኛም «ሸጦኛል» እንላለን፣ ግን ከኋላው ወንዝ የለም።

የሸማኔ ልጅ፦ «ሎውል» የሚለውስ አላጋጠመሽም? ማሳቹሴትስ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት፣ በ1820ዎቹ የተቆረቆረች፣ የገበሬ ልጆች የነበሩ ወጣት ሴቶች ሸማኔ ሆነው የገቡባት። ጥጡ ከደቡብ ይመጣል፣ ሻካራው ጨርቅ ተመልሶ ለለቃሚዎቹ ልብስ ይሆናል፣ እነሱም ጨርቁን «ሎውል» አሉት። የለቀሙት ጥጥ በከተማ ስም ተጠርቶ ጀርባቸው ላይ ተመለሰ ማለት ነው። ሮድ አይላንድ ውስጥም ለነሱ ተብሎ የሚሸመን ርካሽ ጨርቅ ነበረ። ከሴለም ወደብ በመርከብ ወደ ዛንዚባር የሄደውን ደግሞ ስዋሂሊዎች «መሪካኒ» አሉት።

ልቃቂት፦ አቡጀዲ!

የሸማኔ ልጅ፦ አዎ፣ እኛ ጋ አቡጀዲ ነው። ግን ጊዜውን አታቀላቅሉት፤ የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያችንን ሲሞላ እዚያ ባርነት ቀርቷል። የአሜሪካው መልእክተኛ ስኪነር በ1903 ምኒልክ ዘንድ መጥቶ ውል ሲዋዋል ከዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ ይሄው ጨርቅ ነበር።

ተርጓሚዋ፦ አንድ የመጨረሻ። ቻርልስ ሰምነር የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው በ1848 የደቡቡን ባለ እርሻና የሰሜኑን ባለ ፋብሪካ ጠምዶ የተናገረው አለ፣ እንግሊዝኛው በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ሁለት ቃላት ነው። «የአለንጋ ጌቶችና የሽመና ጌቶች» አልኩት፣ ግን ምቱ ጠፋብኝ።

የሸማኔ ልጅ፦ «የጅራፍ ጌቶችና የመወርወሪያ ጌቶች» በይው። ፊደሉ ባይገጥምም ሁለቱም እጅ ላይ የሚያዙ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፦ ጅራፍ ይሻላል። ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኸውም እሱ ነው፤ የደቡብ ካሮላይና ባለ እርሻዎች በ1832 «ቀረጥ በዛብን፣ ተጨቆንን» እያሉ ሲያለቅሱ የሚገልጻቸው ሌላ ቃል የለም።

ተርጓሚዋ፦ ጅራፍ ገባ። ነገ «ኦቨርሲር» የሚለውን ይዤ እመጣለሁ፣ «አለቃ» ብዬው አልጣመኝም።