ሂናሪ ፓስወርድ ጠየቀኝ፤ ገጠር አታችመንት ላይ ምን ልጠቀም?

ጥያቄ (የአራተኛ ዓመቷ)
ሰላም ለሁላችሁ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አሁን ከከተማ ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ወጥቻለሁ። ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛው የምርምር ፕሮፖዛሌ ነው። ጥሩ አርቲክል አገኝና ልከፍተው ስል ሠላሳ ምናምን ዶላር ክፈይ ይለኛል። የጤና ጆርናሎችን የሚያስነብበው ሂናሪ ነፃ ነው ሲሉ ሰምቼ ድረ ገጹ ላይ ገባሁ፤ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ቤተ መጻሕፍታችን ሄጄ ስጠይቅ «እሱ ለመምህራን ነው» ተባልኩ። ሁለተኛው፣ እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ውሃ ታንከሩ ጋ ቆሞ ነው። የመድኃኒት ዶዝ ላረጋግጥ ብዬ በሽተኛ ትቼ ታንከር ሥር መሮጥ አልችልም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ምን አለ? ስልኬ ላይ የቀረው ቦታም ትንሽ ነው። ተባበሩኝ።

ቶሎ መላሽ
ምን አስጨነቀሽ? ቴሌግራም አለ አይደል! የማይገኝ መጽሐፍ የለም። እኔ ግቢ ሳለሁ አንድም መጽሐፍ ሳልገዛ ነው የጨረስኩት።

ላይብረሪያኑ
እህቴ፣ የተነገረሽ ልክ አይደለም። ሂናሪን የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ኢትዮጵያ ምንም ከማይከፍሉት አገሮች ወገን ናት። ተቋሙ ከተመዘገበ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም ይጠቀማል፤ ከግቢ ውጭ ሆኖም ጭምር። ፓስወርዱ የተቋሙ ስለሆነ ራስሽ ልታወጪው አትችዪም። የዲጂታል ክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ፤ በር ላይ ያለው ሰው ላያውቅ ይችላል።

ፓስወርዱን ካገኘሽ በኋላም ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አርቲክሉን ጉግል ላይ ያገኝና በቀጥታ አሳታሚው ድረ ገጽ ላይ ይገባል። አሳታሚው ማን እንደሆንሽ በምን ያውቃል? ክፈይ ይልሻል። መጀመሪያ ሂናሪ ያለበት ሪሰርች ፎር ላይፍ ፖርታል ላይ ግቢ፣ ከዚያ ሳትወጪ እዚያው ውስጥ ፈልጊ። የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበትን ፐብሜድንም በዚያው በኩል ክፈቺው። አፕ አያስፈልግም፣ የስልክሽ ክሮም ይበቃል። ሁሉም አሳታሚ ይከፍታል ማለት ግን አይደለም።

አደራ፣ ፓስወርዱን ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው። በአንድ ሌሊት መቶ አርቲክል ማውረድም ተቋሙን ሊያሳግድ ይችላል።

እስኪሰጡሽ ድረስ ፐብሜድ ሴንትራል ላይ ፈልጊ። ፐብሜድ በአብዛኛው የሚያሳይሽ አብስትራክት (የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) ነው፤ ሴንትራል የሚባለው ሙሉውን በነፃ ይሰጣል። የአገር ውስጥ ጥናት ከፈለግሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል እዚያ አለ።

ጤና መኮንኑ
እኔ ስለ ዶዙ ልናገር። ቶሎ መላሽ፣ አትቀየመኝ፣ እኔም አንዴ የቴሌግራም ፒዲኤፍ ይዤ ዋርድ ገብቼ ነበር። አንዲት ሲስተር «እትሙ የስንት ነው?» አለችኝ። የፊቱ ገጽ ተቆርጧል፤ ምን ልመልስ? ያ መጽሐፍ ሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን ኮትሪሞክሳዞል ስጥ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊንን አስቀድሟል። ለማንበብ ይሁን፤ ለዶዝ ግን እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ አይታመንም።

የድንበር የለሽ ሐኪሞችን የሕክምና መመሪያ አፕ ጫኚ። ነፃ ነው፤ አንዴ ካወረድሽው ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የተጻፈውም እንደኛ ጤና ጣቢያ ላለ፣ ላብራቶሪው ውስን ለሆነ ቦታ ነው። ሜድስኬፕም ጥሩ ነው፣ የመድኃኒት መጋጨትን ያሳያል፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ዳታውን አስቀድመሽ አውርጂ። ቦታ ይበላል፤ ቪዲዮዎችሽን መሰናበት ይኖርብሻል! ከሁሉም በላይ ግን የጤና ሚኒስቴርን መመሪያ ፒዲኤፍ ያዢ። መጋዘናችሁ ያለው መድኃኒት በእሱ ነው የሚሄደው፤ ፈተናም የሚመጣው ከእሱ ነው።

ቶሎ መላሽ
እሺ ጌታው፣ ተቀበልኩ። የፊቱን ገጽ ማየት ለምጄ አላውቅም።

መምህርቷ
አንድ የተረሳ አለ። ካርተር ሴንተር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ የኛው አገር መምህራን የጻፏቸው የሌክቸር ኖቶች አሉ፤ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ ያስተምሩ የነበሩ። ኖቶቹ የተዘጋጁበት ፕሮጀክት የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሕክምናው ያረጀ ይኖራል። ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታትስቲክስና የምርምር ዘዴው ግን ዛሬም ይሠራል፤ ምሳሌው ሁሉ የኛ ነው። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስነብበው እሱን ነው። ፕሮፖዛልሽን የሚመስል ሥራ ለማየት ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻ ክፈቺ።

የአራተኛ ዓመቷ
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ ላይብረሪያን፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዳሉት ኃላፊዋን ጠየቅኋት፣ ወዲያው ሰጠችኝ። ከሰባት አርቲክል አምስቱ ተከፈቱ። አፑንም ጭኛለሁ፤ ዛሬ ሁለቴ ከፈትኩት፣ ታንከር ጋ አልሄድኩም። ሁለቱ አርቲክሎች ግን አሁንም እምቢ አሉ። ምን ላድርግ?

ላይብረሪያኑ
አብስትራክቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ኢሜይል አለ። ማን እንደሆንሽና ለምን እንደፈለግሽው በሦስት መስመር ጻፊለት። ብዙዎቹ ይልካሉ፤ ሥራቸው ሲነበብላቸው ደስ ይላቸዋል። በሳምንት ካልመለሰ ርዕሱን እዚህ ጻፊው፣ እኔም ልሞክር።